ደጋ ላይ የፈላ ውሃ

ቲማቲም ሲረክስ አይጣል ነው፤ ሲወደድም እንደዚያው። ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ ዙሪያ የሚጫነው ምርት አንድ ላይ የደረሰ ሰሞን አትክልት ተራው ቀይ በቀይ ይሆናል፣ የበሰለው ሣጥን ውስጥ እየፈረጠ ይጣላል። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋውን ጠይቆ ግማሽ ኪሎ ይዞ ይመለሳል። ይህን ዓመት በዓመት የሚያይ ሰው፣ በተለይ አሜሪካ የከረመች አክስት ያለችው፣ አንድ ቀን ማሰቡ አይቀርም፦ በርካሹ ጊዜ ገዝቼ በጠርሙስ ባሽገውስ?

ሐሳቡ መልካም ነው። የሚጠይቀውም ጠርሙስ፣ ክዳን፣ ትልቅ ድስት፣ ውሃና እሳት ነው። ችግሩ አክስት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለምዳ የመጣችው አሠራር የተቀመረው ለዝቅተኛ አገር መሆኑ ነው። እዚያ ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከላይ የሚጫናት አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ቶሎ ይሸነፍና 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እሳቱን ቢጨምሩበት በፍጥነት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስምንት ዲግሪ ለሻይ ምንም አይደለም። ባቄላና ሽምብራ ቢቀቀሉበት ትንሽ ያስጠብቃል። ምግብ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ለወራት ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሸግን የፈጠረው ሰው ሥራው ለምን እንደሚሠራለት አያውቅም ነበር። በ1749 የተወለደው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ጣፋጭ ምግብ በመሥራት የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። አተሩን፣ ፍራፍሬውን፣ የሥጋ መረቁን ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፣ በቡሽ ይደፍናል፣ ቡሹን በሽቦ ያስራል፣ ከዚያ ጠርሙሱን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያቆያል። ምግቡ ወራት ቆይቶ ሲከፈት አልተበላሸም። መንግሥት አሠራሩን ለሕዝብ እንዲገልጥ ግዴታ አስገብቶ 12,000 ፍራንክ በ1810 ሸለመው፤ አፔርም በዚያው ዓመት መጽሐፉን አሳተመ። ምግብ ለምን ይበላሻል ለሚለው ጥያቄ ግን በቂ መልስ አልነበረውም። ስመ ጥሩው ኬሚስት ጌይ-ሉሳክ እንኳ ጥፋቱን ያሳበበው በአየሩ ላይ ነው። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ምግቡን እንደሚያበላሹ፣ እሳቱም እነሱን እንደሚገድል ሉዊ ፓስተር ያስረዳው አፔር ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው 1810 እንግሊዛዊው ፒተር ዱራንድ በቆርቆሮ የማሸግ መብት አስመዘገበ። የቆርቆሮ መክፈቻ የሚባል መሣሪያ እስኪመዘገብ ደግሞ ሌላ አርባና ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ፤ እስከዚያ ድረስ ቆርቆሮው የሚከፈተው በመሮና በመዶሻ ነበር። ሰው ቀድሞ መዝጋቱን፣ ቆይቶ መክፈቱን ማሰቡ ይገርማል። ለቤት እመቤቷ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1858 ነው፤ ጆን ላንዲስ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ ቆርቆሮ ሠሪ አንገቱ ላይ ጥርስ የወጣለት፣ በሚጠመዘዝ ክዳን የሚገጠም ጠርሙስ አስመዘገበ። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ የቤት ማሸጊያ ጠርሙስ በሱ ስም ይጠራል። ክዳኑ አሁን ሁለት ክፍል ነው፦ ጠርዙ ዙሪያ ለስላሳ ማሸጊያ የተቀባ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ እሱን ይዞ የሚያቆይ ቀለበት። ጠርሙሱ ሲፈላ ውስጡ ያለው አየር ጠፍጣፋውን ክዳን እየገፋ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይመለስና ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል፣ መሐሉም ይሰረጉዳል። ወጥ ቤት ውስጥ የምትሰማው «ቋ» የምትል ድምፅ የምትወጣው ያኔ ነው።

ያቺ ድምፅ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ክዳኑ መያዙን ትናገራለች እንጂ ውስጥ ያለው ስለ መሞቱ ምንም አትልም። እንዲያውም አየር ማውጣቱ ራሱ ለአንድ ጠላት ቤት ማዘጋጀት ነው።

ጠላቱ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው አፈር ስለሆነ ካሮቱም፣ ድንቹም፣ ፎሶሊያውም ይዞት ይመጣል። አየር ባለበት አይራባም፤ ስለዚህ ሰላጣ ላይ ብንበላው አይነካንም። ሲጨንቀው ግን ስፖር ወደሚባል ጠጣር ቅርፊት ውስጥ ይገባል፤ በዚያ መልኩ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ቢቀመጥ ይተርፋል። ፈላው አብዛኞቹን ሌሎች ባክቴሪያዎች ገድሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ክዳኑ ግጥም ሲል ስፖሩ እርጥበት ያለው፣ አየር የሌለው፣ ተፎካካሪ የሌለበት፣ ለብ ያለ ቤት ያገኛል። ይፈለፈላል፣ ሲራባም ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ ብርቱ የሆነውን ይሠራል። ምግቡ ሊሸት ይችላል፤ ላይሸትም ይችላል። የበላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ውስጥ ዓይኑ ነገር ሁለት ሁለት ያይበታል፣ ሽፋሽፍቱ ይከብደዋል፣ ምላሱ ይያዛል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ድካሙ ከላይ ወደ ታች እየወረደ መተንፈሻ ጡንቻዎቹ ላይ ሲደርስ በማሽን ካልተረዳ ይሞታል።

በኤፕሪል 2015 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ላንካስተር ከተማ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እያንዳንዳቸው ምግብ ይዘው መጥተው አብረው ማዕድ ቆረሱ። ከቀረበው አንዱ የድንች ሰላጣ ነበር። ድንቹ ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ ነው፤ ያሸገው ሰው የተጠቀመው ደግሞ ተራ የፈላ ውሃ ነው። 29 ሰዎች ታመሙ፣ አንድ ሰው ሞተ። ይህ የሆነው ውሃ 100 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት አገር ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ኮክና ማርማላታ እያሸገ እንዴት ተረፈ? ያተረፈው ኮምጣጣነት ነው። የአሲድን መጠን ሳይንቲስቶች ፒኤች በሚሉት መለኪያ ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምግቡ ይኮመጥጣል። ቁልፉ ቁጥር 4.6 ነው። ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ የቦቱሊነም ስፖር አይፈለፈልም፤ ቢኖርም ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ መግደል ያለብን ሻጋታን፣ እርሾንና ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ብቻ ነው፤ ለነሱ የፈላ ውሃ በቂ ነው። ብርቱካን፣ አናናስ፣ ቢጫ ኮክ፣ እንጆሪ፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ቃሪያና ካሮት በዚህ ወገን ናቸው። ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አተር፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሥጋ በሙሉ በወዲያኛው ወገን ናቸው። ፍራፍሬ ሁሉ ኮምጣጣ ነው ማለት ግን አይቻልም። ፓፓያና ሐብሐብ ኮምጣጣ አይደሉም፣ ሙዝ ድንበሩ ላይ ይዋዥቃል፣ ማንጎ በበሰለ ቁጥር አሲዱ ይቀንሳል፣ ሥጋው ነጭ የሆነ ኮክ ከቢጫው ጋር አንድ አይደለም። ቲማቲምም ድንበሩ ላይ ቆሟል፤ ለዚህ ነው ብቻውን የማይታመነው።

አሁን ወደ ስምንቱ ዲግሪ። በ1919 እና በ1920 አሜሪካ ውስጥ የታሸገ የካሊፎርኒያ ወይራ ፍሬ ሰው በመግደሉ ኢንዱስትሪው ደንግጦ ለምርምር ገንዘብ አወጣ፤ ኢስቲና ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1922 ስፖሩ በስንት ሙቀት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለክተው አወጡ። ከዚያ ሥራ የተነሣው ስሌት ዛሬም ፋብሪካው ይመራበታል። የምግቡ እምብርት 121 ዲግሪ ከደረሰ ወደ 2.5 ደቂቃ ይበቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በአሥር ይባዛል። እንግዲህ እናባዛው። በ111 ዲግሪ 25 ደቂቃ። በ101 ዲግሪ 250 ደቂቃ፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በላይ። በ91 ዲግሪ 2,500 ደቂቃ፤ ይህም ወደ 42 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባ ፈላ ውሃ ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ፎሶሊያ በጠርሙስ ከትቶ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ቀቅሎ «በደንብ በስሏል» የሚል ሰው ከስፖሩ አንጻር ገና አልጀመረም። ሁለት ቀን ሙሉ የሚቀቅል ደግሞ የለም፤ ቢኖርም የሚተርፈው ፎሶሊያ አይደለም።

ስለዚህ ኮምጣጣ ያልሆነ ምግብ ያለ ግፊት አይታሸግም። ድስቱ እንፋሎቱን አፍኖ ሲይዝ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ውሃውም ከ100 በላይ ይሞቃል። እዚህ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ድስቱ ራሱ ነው፦ ምስርና ሥጋ የምንቀቅልበት ትንሹ ፕሬዠር ኩከር ለዚህ ሥራ አልተለካም፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በመመሪያዎቹ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ደግሞ ለትልቁና ለከባዱ የማሸጊያ ድስት የወጣ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ እንደገና ከፍታው ነው። ድስቱ ክዳን ላይ የሚጫነው ክብደት ወይም የግፊት መለኪያ ሰዓቱ የሚለካው ግፊት ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በዝቅተኛ አገር በ10 ፓውንድ ግፊት የሚሠራ ድስት ውስጡ 115 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያንኑ 10 ፓውንድ ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከሥሩ የሚደግፈው አየር ስላነሰ፣ ከ111 አይበልጥም። አምስት ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ነው፤ በላይኛው ስሌት ግን ስፖሩን የመግደል አቅሙ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ ለዚህ ከፍታ ባለሰዓቱን ድስት 14 ፓውንድ፣ ባለክብደቱን 15 ፓውንድ ላይ አድርጉ የሚለው ለዚህ ነው። ክብደቱ ከመጫኑ በፊትም እንፋሎቱ 10 ደቂቃ ሙሉ ሲወጣ መቆየት አለበት፤ አየር የተቀላቀለበት እንፋሎት ሰዓቱ ላይ ልክ ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ግን ዝቅ ያለ ነው።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ፎሶሊያውን ትቶ ቲማቲሙን መያዝ ነው። በዚህ ሥራ ትርፉ ከድካሙ የሚበልጠው እሱ ላይ ነው።

በስሎ ያልሟሸሸ፣ ያልተመታ፣ በተክሉ ላይ ያልደረቀ ቲማቲም ይመረጣል። ፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከትቶ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያዛውሩት ልጣጩ በራሱ ይላቀቃል። ተቆርጦ፣ እየተፈጨ ድስት ውስጥ አምስት ደቂቃ ይፈላና ትኩሱን ወደ ትኩስ ጠርሙስ ይገለበጣል። አሲዱ የሚገባው ጠርሙሱ ውስጥ ነው፦ ወደ ግማሽ ሊትር በሚይዘው አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ አንድ ሊትር በሚይዘው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጠርሙስ ሎሚ ጭማቂ። ሲትሪክ አሲድ የሚያገኝ ሰው ለትንሹ ሩብ፣ ለትልቁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያድርግ። ከገበያ የመጣ ትኩስ ሎሚ ለምን አይሆንም? የአንዱ ሎሚ አሲድ ከሌላው ስለሚለያይ ነው፤ የጠርሙሱ ግን ተለክቶ የተሞላ ነው። ጣዕሙ ከኮመጠጠ ስኳር መጨመር ይቻላል፤ ስኳር ጣዕሙን እንጂ ፒኤቹን አይነካም።

ከአፉ በታች አንድ ጣት ስፋት ያህል፣ 1.25 ሴንቲሜትር፣ ባዶ ይተዋል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ጎን ለጎን ነካ ነካ ሲደረግ የታፈነው አየር ይወጣል። የጠርሙሱ ከንፈር በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አንዲት የቲማቲም ፍሬ ክዳኑን ታስከፍታለች። ቀለበቱ በጣት ጫፍ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይጠብቅ፣ አየሩ መውጫ ይፈልጋልና። ጠርሙሶቹ ድስቱ ውስጥ ከብረት ወይም ከጨርቅ ንጣፍ በላይ ቆመው ውሃው በ2.5 ሴንቲሜትር ይሸፍናቸው፤ ደቂቃው መቆጠር የሚጀምረው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ለትንሹ ጠርሙስ 35፣ ለትልቁ 45 ደቂቃ የሚበቃው ይህ ቲማቲም ከ1,830 ሜትር በላይ 50 እና 60 ደቂቃ ይፈልጋል። አዲስ አበባና ጎንደር በግልጽ እዚህ ውስጥ ናቸው። ባሕር ዳር ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ እኔ ብሆን ለአምስት ደቂቃ ማገዶ አልሳሳም። ድሬዳዋ 45 እና 55 ይበቃታል። የወጡት ጠርሙሶች ሳይነኩ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀዝቅዙ። በነጋታው መሐሉ ሲጫን ከፍ ዝቅ የሚል ክዳን ካለ አልያዘምና ያ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ገብቶ በቶሎ ይበላ።

ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር። የማርና የማዮኔዝ ጠርሙስ ታጥቦ እንደገና ሲታሸግ ብዙ ጊዜ ይታያል። የነዚህ ክዳን ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው፣ መስታወታቸውም በሙቀት ለውጥ ሊፈነዳ ይችላል። ለማርማላታ ወይም ለአቼቶ ቃሪያ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሚቆይ ነገር፣ ይሁን ግዴለም። ወራት ከውጭ ለሚቀመጥ ምግብ ግን የማሸጊያ ጠርሙስና ያልተሠራበት አዲስ ክዳን ያስፈልጋል።

ማርማላታ ራሱ ደጋ ላይ ሌላ ጠባይ አለው፤ ይኸኛው ግን አይገድልም፣ ያናድዳል እንጂ። ባሕር ጠረፍ ላይ የተጻፈ አሠራር ድብልቁን 104 ወይም 105 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉት ይላል። እዚያ ይህ ውሃ ከሚፈላበት አራት ዲግሪ ተኩል ያህል መብለጥ ማለት ነው፤ ስኳሩ በቂ መወፈሩን የሚያሳየው ይህ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው ልዩነት 97 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ቴርሞሜትሩ 105 እስኪል የሚጠብቅ ሰው እንጆሪውን ከድስቱ ሥር ይፍቀዋል።

ብዙ ሰው ከቲማቲሙ ቀጥሎ የሚመኘው ቁሌቱን ማሸግ ነው። ሽንኩርቱን አንድ ቅዳሜ አቁላልቶ፣ ከበርበሬውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር በጠርሙስ ደርድሮ፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈቱ ወጥ መሥራት። ምኞቱ ይገባኛል፤ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ኮምጣጣ አይደሉም፣ ቲማቲሙ የያዘውንም አሲድ ያቀጥኑታል፤ ዘይቱ ደግሞ ሙቀቱ በቀላሉ እንዳይደርስ ያደርጋል፣ ከአየርም ይጋርዳል። በላብራቶሪ ተፈትሾ ደቂቃ የወጣለት የቁሌት አሠራር አላውቅም፤ በግምት የሚሞላ ቁጥርም አይደለም። ቁሌት በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይግባ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው ንጹሑን ቲማቲም ያሽግ፣ ሽንኩርቱን በዕለቱ ያቁላላ።

በግፊት ታሸገ የተባለ ፎሶሊያ ወይም ካሮት ዘመድ ቢያመጣ፣ እንዴት እንደተሠራ ካልታወቀ ሳይቀመስ መቀቀል አለበት። መርዙ እንደ ስፖሩ ጠጣር አይደለም፤ ፈላ ውሃ ያፈርሰዋል። ምክሩ 10 ደቂቃ፣ በየ300 ሜትሩ ደግሞ አንድ ደቂቃ ጭማሪ ነው፤ ለአዲስ አበባ 18 ደቂቃ ይሆናል። ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚተፋ ወይም የሚያፈስ ጠርሙስ ግን አይቀቀልም፤ አይቀመስም፤ ውሻም ሆነ ዶሮ በማይደርስበት ይጣል።

በአሜሪካው መመሪያ የባለሰዓቱ ድስት ሠንጠረዥ 8,000 ጫማ ላይ ያበቃል፤ ይህም ወደ 2,440 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ መሐል ከተማ ይበቃል። እንጦጦ፣ ደብረ ብርሃንና መሰል ቦታዎች ከዚያ በላይ ናቸው። ቲማቲሙና ኮኩ በፈላ ውሃ የሚታሸጉበት ደቂቃ እዚያም ይሠራል፣ «ከ6,000 ጫማ በላይ» የሚለው ዓምድ፣ ማለትም ከ1,830 ሜትር በላይ ያለው፣ ጣሪያ የለውምና። ለፎሶሊያው ግን ደብረ ብርሃን ላለ ሰው የምለው አንድ ነው፦ ፀሐይና ነፋሱ ቋንጣውንና በርበሬውን ሲያደርቁ ኖረዋል፣ ካሮትና ጎመንም በቀጭኑ ተከትፈው ይደርቁበታል።